ቆጣሪው የማያየው ብልሽት፦ የሆስፒታልን አየር የሚከታተሉ አውቶማቲክ ሥርዓቶች ሲመዘኑ

መግቢያ

ሕሙማን የሚተነፍሱት አየር ከመድኃኒቱና ከምግቡ ባልተናነሰ የሕክምናው አካል መሆኑ በሙያው ዘንድ ከታወቀ ረጅም ዘመን ሆኖታል። ፍሎረንስ ናይቲንጌል እ.ኤ.አ. በ1859 በጻፈችው የአስታማሚነት መጽሐፍ የመጀመሪያውን ምዕራፍ የሰጠችው ለአየር ዝውውርና ለክፍል ሙቀት ነበር። በዚያ ዘመን መስኮቱን የምትከፍተውም፣ እሳቱን የምትቆሰቁሰውም፣ አየሩ መታፈኑን በአፍንጫዋ የምትለየውም አስታማሚዋ ራሷ ነበረች። ዛሬ በትላልቅ ሆስፒታሎች ይህ ኃላፊነት በጣሪያ ላይ ወይም በምድር ቤት ለተተከሉ የማሞቂያ፣ የማቀዝቀዣና የአየር ማናፈሻ መሣሪያዎች ተላልፏል። መሣሪያዎቹ መሥራት አለመሥራታቸውን የሚከታተለውም በብዙ አገሮች ኮምፒዩተር ሆኗል።

ይህ ኮምፒዩተር ከሴንሰሮች የሚደርሰውን ቁጥር እያነጻጸረ የተበላሸውን ክፍል በራሱ ለይቶ እንዲያሳውቅ የተዘጋጀ ነው። ሥርዓቱን የሚያቀርቡ መሐንዲሶች ዋና ጥቅሙን የሚገልጹት በሚቆጥበው ኃይል ነው። ክርክራቸው መሠረት አለው። የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ ግን ሌላ ነው፤ ይኸውም ለቢሮና ለገበያ ማዕከል የተዘጋጀ የብልሽት ትርጉም ሳይለወጥ ወደ ሆስፒታል ሲገባ በሽተኛውንና የጤና ባለሙያውን ይጠብቃል ወይ የሚል ነው። ለጥያቄው መልስ የሚሰጥ ተጨባጭ መረጃ አለ፤ መልሱም የሚያስተኛ አይደለም።

ሥርዓቱ የሚሠራው እንዴት ነው?

የአየር ማስተካከያ መሣሪያ ከውጭ የገባውንና ከክፍሎች የተመለሰውን አየር ይቀላቅላል፤ በፊልትር ያጣራል፤ እንደ አስፈላጊነቱ አሙቆ ወይም አቀዝቅዞ በፋን ኃይል ወደ ክፍሎች ይልካል። በየደረጃው የአየሩን ሙቀት የሚለኩ ሴንሰሮች አሉት። እንዲህ ያለ መሣሪያ ሲበላሽ ብዙ ጊዜ ምልክት አያሳይም። ለምሳሌ የሙቅ ውኃው ቫልቭ በደንብ ሳይዘጋ ቢቀር አየሩ ሳይፈለግ ይሞቃል፤ ማቀዝቀዣው ደግሞ ያንን ሙቀት ለማጥፋት አብዝቶ ይሠራል። ወደ ክፍሉ የሚደርሰው አየር በሙቀቱ ትክክለኛ ስለሚሆን ቅሬታ የሚያቀርብ ሰው አይኖርም። ሁለቱ መሣሪያዎች ግን ሌት ተቀን እየተቃረኑ ኃይል ይፈጃሉ። በሐኪም ቋንቋ ይህ ምልክት ሳያሳይ አካልን የሚጎዳ ሥር የሰደደ በሽታ ነው።

በ2000ዎቹ መጀመሪያ ከአሜሪካ ብሔራዊ የደረጃዎችና የቴክኖሎጂ ተቋም ጋር የተያያዙ ተመራማሪዎች ይህን መሰሉን ስውር ብልሽት ለመያዝ 28 ደንቦችን አዘጋጅተው አቅርበዋል። ደንቦቹ በቀላል የፊዚክስ ሕግ ላይ የቆሙ ናቸው። መሣሪያው በማሞቅ ላይ ከሆነ የሚወጣው አየር ከገባው የበለጠ መሞቅ አለበት፤ በማቀዝቀዝ ላይ ከሆነ ደግሞ መቀዝቀዝ አለበት፤ የተቀላቀለው አየር ሙቀትም በውጭው አየርና በተመላሹ አየር ሙቀት መካከል መገኘት አለበት። ከዚህ የወጣ ቁጥር ሲገኝ ሥርዓቱ ደወል ያሰማል። የአሜሪካ የማሞቂያ፣ የማቀዝቀዣና የአየር ማስተካከያ መሐንዲሶች ማኅበርም እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው 36ኛ መመሪያው ውስጥ አውቶማቲክ የብልሽት ምርመራን አካትቷል።

ሥራው በራሱ መስክ የሚመሰገን ነው። ደንቦቹ ግልጽ በመሆናቸው የጥገና ባለሙያው ደወሉ ለምን እንደተሰማ ይረዳል። ውድ መሣሪያ አይጠይቁም፤ አብዛኛውን ጊዜ በመሣሪያው ላይ ቀድሞ በሚገኙት ሴንሰሮች ይጠቀማሉ። ጉድለታቸውም የሚመነጨው ከዚሁ ነው። መሠረታዊዎቹ 28 ደንቦች የሚመለከቱት የአየርን ሙቀትና ለቫልቮቹ የሚሰጠውን ትእዛዝ ነው። ወደ ክፍሉ የገባው አየር መጠን ስንት ነው? አየሩስ ከክፍሉ ወደ ኮሪደር ይወጣል ወይስ ከኮሪደር ወደ ክፍሉ ይገባል? እነዚህን ጥያቄዎች አይጠይቁም።

ኃይል የሚያባክን ብልሽትና ሰው የሚጎዳ ብልሽት

በቢሮ ሕንፃ ውስጥ ብልሽትና ብክነት አብዛኛውን ጊዜ አብረው ይሄዳሉ። በሆስፒታል ግን ሁለቱ አንዳንዴ ይገናኛሉ፤ አንዳንዴ ይለያያሉ፤ አልፎ አልፎም ይቃረናሉ። አሳሳቢው ሁኔታ የመጨረሻው ነው።

ለዚህ የቲቢ ሕሙማን የሚታከሙበትን ለይቶ ማከሚያ ክፍል እንደ ምሳሌ መውሰድ ይቻላል። ክፍሉ የሚሠራው ወደ ውስጥ ከሚላከው አየር የበለጠ አየር በማውጫ ፋን ተስቦ እንዲወጣ ተደርጎ ነው። በዚህ የተነሣ የክፍሉ ግፊት ከኮሪደሩ ያንሳል፤ አየሩም ከኮሪደር ወደ ክፍሉ ይገባል እንጂ ከበሽተኛው ወደ ኮሪደር አይወጣም። የማውጫው ፋን ፍጥነት በማናቸውም ምክንያት ወደ 80 በመቶ ቢወርድ የሚስበው አየር በ20 በመቶ ገደማ ይቀንሳል፤ ክፍሉም ጥበቃውን ሊያጣ ይችላል። ፋን የሚወስደው ኃይል ግን ከፍጥነቱ ኩብ ጋር ስለሚመጣጠን ወደ 51 በመቶ ይወርዳል። የወሩ የኃይል ሪፖርት ይህን የሚመዘግበው እንደ ቁጠባ ነው። ቺንጋው ቢበጠስም ያው ነው፤ ሞተሩ ያለ ሸክም እየዞረ ከወትሮው ያነሰ ኤሌክትሪክ ይወስዳል፤ አመልካች መብራቱ እንደበራ ይቆያል፤ ከክፍሉ የሚወጣ አየር ግን የለም።

ስለዚህ ብልሽትን በብክነት የሚተረጉም ሥርዓት እንዲህ ያለውን አደጋ ሊስተው ብቻ ሳይሆን እንደ መሻሻል ሊቆጥረው ይችላል። የቲቢ ባክቴሪያ ያለበትን አየር ስትተነፍስ ለምታድረው ነርስ የኤሌክትሪክ ቆጣሪው ዝቅ ማለት የሚያጽናና ነገር አይደለም።

የኒው ዮርክ ምርመራ ምን አሳየ?

የግፊት መቆጣጠሪያ ከተጨመረ ችግሩ ይፈታል የሚል መከራከሪያ ሊነሣ ይችላል። ለዚህ መልስ የሚሆን ጥናት እ.ኤ.አ. በ2000 ታትሟል። የኒው ዮርክ ግዛት ጤና መሥሪያ ቤት ባለሙያዎች ከ1992 እስከ 1998 ባሉት ዓመታት በ38 ተቋማት የሚገኙ 140 ለይቶ ማከሚያ ክፍሎችን መርምረዋል። ከክፍሎቹ 59 በመቶው በሆስፒታሎች፣ 40 በመቶው በማረሚያ ቤቶች፣ ቀሪዎቹ በአረጋውያን መጦሪያዎች የሚገኙ ነበሩ። የምርመራው ዘዴ እጅግ ቀላል ነበር፤ በበሩ አጠገብ ጭስ እየለቀቁ ወዴት እንደሚሄድ መመልከት።

ከተመረመሩት ክፍሎች በ38 በመቶው አየሩ ወደ ውጭ ይወጣ ነበር። ለዚህ ከተገኙት ምክንያቶች ዋናው የሚገባውና የሚወጣው አየር መጠን በአግባቡ አለመመጣጠኑ ሲሆን፣ ይህም ባልሠሩት ክፍሎች በ54 በመቶው ታይቷል። የአውቶማቲክ መቆጣጠሪያው ስሕተት ደግሞ በ10 በመቶው ተገኝቷል።

ለዚህ ጽሑፍ ይበልጥ የሚያስፈልገው ቀጥሎ ያለው ውጤት ነው። ከ140ዎቹ ክፍሎች 38ቱ ግፊቱን ያለማቋረጥ የሚከታተል መሣሪያ ነበራቸው። ከእነዚህ በ19ኙ፣ ማለትም በግማሾቹ፣ በበሩ ላይ የታየው የአየር አቅጣጫ መሣሪያው ከሚያሳየው ተቃራኒ ሆኖ ተገኝቷል። ከ19ኙ አብዛኞቹ፣ ማለትም 74 በመቶው፣ የተሳሳቱት ስለተበላሹ ሳይሆን የመሣሪያው የመለካት አቅም ውስን በመሆኑ ነው። በአንድ ተቋም ደግሞ በጊዜው እጅግ ዘመናዊ የነበረ የኮምፒዩተር መቆጣጠሪያ መበላሸቱ የታወቀው የኢንፌክሽን መከላከል ሠራተኞች በየዕለቱ በሚያደርጉት የጭስ ፍተሻ ነበር። በክፍሉ ውስጥ የተኛው በሽተኛ መድኃኒት የተላመደ ቲቢ ያለበትና ተላላፊ ነበር።

በዚህ ጥናት ላይም ሂስ ማቅረብ ይቻላል። ተከታታይ መቆጣጠሪያ የነበራቸው ክፍሎች ቁጥር አነስተኛ ነው፤ ፍተሻው በአንድ ወቅት የታየውን እንጂ የዓመቱን ሁኔታ አያሳይም፤ ከ1990ዎቹ ወዲህም መሣሪያዎች ተሻሽለዋል። ስለሆነም የ50 በመቶው አኃዝ ለዛሬ መሣሪያ ሁሉ ይሠራል ማለት አይቻልም። ሆኖም ከጥናቱ የሚገኘው መሠረታዊ ትምህርት አላረጀም። መቆጣጠሪያው ራሱ ሊታመም የሚችል አካል ነው፤ የሕመሙ ባሕርይም ጤናማ ቁጥር ማሳየት ሊሆን ይችላል።

መሣሪያው ለምን ይሳሳታል?

በለይቶ ማከሚያ ክፍልና በኮሪደር መካከል እንዲኖር የሚጠየቀው ዝቅተኛ የግፊት ልዩነት 2.5 ፓስካል ነው። አንድ ሚሊሜትር ሜርኩሪ 133 ፓስካል ያህል ስለሆነ፣ ይህ ልዩነት ከአንድ ሚሊሜትር ሜርኩሪ 50ኛ እጅ አይበልጥም። የደም ግፊት መለኪያ የሚያነብ ባለሙያ መጠኑ ምን ያህል ጥቃቅን እንደሆነ ወዲያው ይገነዘባል። የበር መከፈት፣ የአሳንሰር እንቅስቃሴ፣ በሕንፃው ላይ የሚነፍስ ነፋስ፣ የሴንሰሩ ዜሮ ነጥብ ትንሽ መንሸራተት፣ እያንዳንዱ ንባቡን ሊለውጠው ይችላል። ጭስ ግን ቁጥር አያነብም፤ አየሩ ወደሄደበት ይሄዳል።

የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከላት እ.ኤ.አ. በ2005 ባወጡት የቲቢ መመሪያ፣ የቲቢ በሽተኛ ወይም ተጠርጣሪ በተኛበት ክፍል የግፊት መለኪያ ቢኖርም ባይኖርም በየዕለቱ በጭስ ወይም በስስ ወረቀት የአየሩ አቅጣጫ እንዲታይ ያዘዙት በከንቱ አይደለም። እጅግ በበለጸገ አገር የወጣ መመሪያ ማሽኑን በሰው ዓይን እንዲጠበቅ ማዘዙ ልብ ሊባል ይገባል።

ሥርዓቱ እንደ ምርመራ ሲታይ

ብልሽት ፈላጊው ሥርዓት በመሠረቱ የምርመራ ዘዴ ነው። ስለዚህ ማናቸውም የላቦራቶሪ ምርመራ በሚመዘንበት ሚዛን መመዘን አለበት፤ ብልሽት ያለበትን ምን ያህል ይይዛል፣ ደኅና የሆነውንስ ምን ያህል ነጻ ያወጣል የሚሉት ጥያቄዎች መቅረብ አለባቸው። ለስሌት ያህል 1,000 የአየር መሣሪያዎች ያሉት ሕንፃ እንዳለና ከእነዚህ 10ሩ ተበላሽተዋል እንበል። የሥርዓቱ ሴንሲቲቪቲ 90 በመቶ፣ ስፔሲፊሲቲው 95 በመቶ ቢሆን 9 እውነተኛ ብልሽቶችን ይይዛል፤ ጤናማ ከሆኑት 990 መሣሪያዎች ደግሞ ወደ 50 በሚጠጉት ላይ በሐሰት ይደውላል። ስለዚህ ከሚሰሙት 59 ያህል ደወሎች እውነተኞቹ 15 በመቶ ብቻ ናቸው።

የዚህ ውጤት በጽኑ ሕሙማን ክፍል ለሚሠራ ሰው እንግዳ አይደለም። የልብ መቆጣጠሪያው በከንቱ ሲጮህ የዋለበት ባለሙያ ማታ እውነተኛው ደወል ሲመጣ ቀና ብሎ ለማየት ይዘገያል። የሕንፃ ደወልም ከዚህ ዕጣ አያመልጥም። ኃይል ያባከነ ቫልቭና ግፊቱ የተገለበጠ የለይቶ ማከሚያ ክፍል በአንድ ዝርዝር ውስጥ፣ በአንድ ዓይነት ቀለም ከቀረቡ፣ ሁለተኛው በመጀመሪያው ብዛት ይቀበራል። ከዚህም ሌላ ደወሉ የሚደርሰው ብዙውን ጊዜ ለጥገና ክፍል እንጂ ለሕክምና ክፍሉ አይደለም። አደጋው የሚመለከታት ነርስ ሳታውቅ አደጋው በሌላ ሕንፃ ኮምፒዩተር ላይ ተመዝግቦ ሊያድር ይችላል።

ምርመራ ሕክምና ካልተከተለው ዋጋ የለውም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ በሽታው ተገልጾም መድኃኒት የሚሰጥ ከሌለ ውጤቱ ያው ነው። መለዋወጫ የማይገኝለት፣ የሠለጠነ የጥገና ባለሙያ ያልተመደበለት ሥርዓት ብልሽትን ይቆጥራል እንጂ አያድንም።

ቁጠባ ጠላት አይደለም

ከዚህ በመነሣት በሆስፒታል ውስጥ ስለ ኃይል ቁጠባ ማሰብ ነውር ነው ማለት ስሕተት ይሆናል። ለኤሌክትሪክና ለነዳጅ የሚወጣ ገንዘብ ለመድኃኒትና ለደመወዝ ከሚውለው በጀት የሚቀነስ ነው። በሚገባ የታሰበበት ቁጠባ ከደኅንነት ጋር እንደሚስማማም ማስረጃ አለ። በአሜሪካ በሥራ ላይ ያለው የጤና ተቋማት የአየር ማናፈሻ ደረጃ ቀዶ ሕክምና በሚካሄድበት ጊዜ የክፍሉ አየር በሰዓት 20 ጊዜ እንዲለወጥ ይጠይቃል፤ ክፍሉ ባዶ ሲሆን ግን ከአጎራባች ክፍሎች ጋር ያለው የግፊት ግንኙነት እስከተጠበቀ ድረስ መጠኑ እንዲቀነስ ይፈቅዳል። እዚህ ላይ ቅደም ተከተሉ ትክክል ነው፤ በመጀመሪያ የማይነካው ተለይቷል፤ ቁጠባው የተፈለገው ከዚያ በቀረው ውስጥ ነው። የብልሽት ፈላጊ ሥርዓቶች ጉድለት ይህንን ቅደም ተከተል መገልበጣቸው ነው።

ጉዳዩ በኢትዮጵያ

አብዛኞቹ የኢትዮጵያ ጤና ተቋማት አየር የሚለዋወጡት በመስኮትና በበር ነው። ይህ እንደ ኋላ ቀርነት ብቻ መታየት የለበትም። በሊማ፣ ፔሩ፣ በስምንት ሆስፒታሎች የተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ ጥናት እንደሚያሳየው፣ መስኮትና በር ሲከፈቱ የክፍሎቹ አየር በአማካይ በሰዓት 28 ጊዜ ይለወጣል። ከ1950 በፊት በተሠሩት፣ ጣሪያቸው ከፍ ባለና መስኮታቸው በሰፋ ክፍሎች ደግሞ 40 ጊዜ ደርሷል። ተመራማሪዎቹ በስሌት እንደገመቱት፣ ሕክምና ካልጀመረ እጅግ ተላላፊ የቲቢ በሽተኛ ጋር ለ24 ሰዓት ለቆየ ሰው የመያዝ ዕድሉ በእነዚህ አሮጌ ክፍሎች 11 በመቶ ሲሆን፣ በሰዓት 12 ጊዜ አየር በሚለውጥ ባለማሽን ክፍል 39 በመቶ ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2009 ለተፈጥሯዊ የአየር ዝውውር ባወጣው መመሪያ በአየር ለሚተላለፉ በሽታዎች ክፍል ለአንድ በሽተኛ በአማካይ በሰከንድ 160 ሊትር አየር እንዲደርስ መክሯል።

ይሁን እንጂ መስኮትም ይበላሻል፤ ብልሽቱም መዘጋት ነው። ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ በምትገኘው አዲስ አበባ ሌሊቱ ይበርዳል። በሽተኛው ብርድ ልብሱን ይከናነባል፤ አስታማሚው ቤተሰብ ብርድ እንዳይመታው በማለት መስኮቱን ይዘጋል። የሚያሳዝነው ይህ ሥራ ከርኅራኄ የመነጨ መሆኑ ነው። ሙቀትን ከማቆየት አንጻር የተዘጋው መስኮት ትክክለኛ ነው፤ ከቲቢ መከላከል አንጻር ግን ክፍሉ በዚያች ሰዓት ጥበቃውን አጥቷል። በማሽንም ሆነ በመስኮት ችግሩ አንድ ነው፤ ሙቀቱን ብቻ የሚመለከት ዓይን አየሩን አያይም። እ.ኤ.አ. ከ2021 እስከ 2025 ባለው የዓለም ጤና ድርጅት ዝርዝር ከፍተኛ የቲቢ ጫና ካለባቸው 30 አገሮች አንዷ ለሆነችው ኢትዮጵያ ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም።

የአየር ማሽን በሚተከልባቸው አዳዲስ ሕንፃዎች ደግሞ የመብራት መቋረጥ ይጨመራል። ኃይል ሄዶ ሲመለስ የሚያስገባውና የሚያወጣው ፋን ሁለቱም መነሣታቸው መረጋገጥ አለበት። የሚያስገባው ፋን ብቻ ቢነሣ የለይቶ ማከሚያ ክፍሉ ከኮሪደሩ የበለጠ ግፊት ይኖረዋል፤ ለመጠበቅ የተሠራው ክፍል የሚበክል ይሆናል።

ምን መደረግ አለበት?

ሀ. የጤና ተቋም የአየር ሥርዓት ሲገዛ ወይም ሲታደስ የኢንፌክሽን መከላከል ባለሙያ በግዥው ኮሚቴ ውስጥ መኖር አለበት። የመጀመሪያው ጥያቄም ስንት ኃይል ይቆጥባል ሳይሆን፣ በለይቶ ማከሚያና በቀዶ ሕክምና ክፍሎች የአየርን አቅጣጫና መጠን በምን ይለካል የሚል መሆን ይገባዋል።

ለ. የደኅንነት ደወል ከኃይል ደወል ተለይቶ በቀጥታ ለክፍሉ ነርስ እንዲደርስ መደረግ አለበት። ደወሉን የሰማው ባለሙያ ምን እንደሚያደርግ፣ በሽተኛውን ወዴት እንደሚያዛውር አስቀድሞ በጽሑፍ መቀመጥ ይኖርበታል።

ሐ. ለይቶ ማከሚያ ክፍል ውስጥ በሽተኛ እስካለ ድረስ በየዕለቱ፣ እንዲሁም መብራት ጠፍቶ በመጣ ቁጥር፣ በሩ ተዘግቶ የአየሩ አቅጣጫ ይታይ። የጭስ ቱቦ ካልተገኘ ከኮሪደር በኩል በበሩ ሥር ባለው ክፍተት የሚያዝ የሶፍት ቁራጭ ይበቃል። ወረቀቱ ወደ ክፍሉ ከተሳበ ደኅና ነው፤ ወደ ኮሪደር ከተገፋ ክፍሉ ተበላሽቷል። ውጤቱ እንደ ትኩሳትና እንደ ደም ግፊት ሁሉ በሰዓቱ ይመዝገብ።

መ. ማሽን በሌለባቸው ክፍሎች የመስኮቶች መከፈት የተረኛው ነርስ የሥራ ዝርዝር አካል ይሁን። ለበሽተኛው ተጨማሪ ብርድ ልብስ መስጠትና ለቤተሰቡ ምክንያቱን ማስረዳት መስኮቱን ክፍት የማድረጉ ሥራ አንዱ ክፍል ነው።

ሠ. ለማንኛውም አውቶማቲክ ሥርዓት የጥገና ባለሙያ፣ መለዋወጫና በተወሰነ ጊዜ የሚካሄድ የሴንሰር ማስተካከያ በጀት ሳይመደብ ርክክብ አይደረግ።

ማጠቃለያ

ብልሽትን በራሱ የሚፈልግ ሥርዓት ሰው ሊያየው የማይችለውን ብክነት ያሳያል፤ ይህ ሊነፈገው የማይገባ ብቃት ነው። በሆስፒታል ግን የብልሽት ትርጉም የሚጀምረው ከበሽተኛው ነው። ያንን ትርጉም ለመሐንዲሱ መንገር የሚችለው የጤና ባለሙያው ብቻ ነው፤ እርሱ ዝም ካለ መሐንዲሱ የሚያውቀውን ቆጣሪ ይዞ ይመጣል። በኒው ዮርክ በአንድ ተቋም ዘመናዊው ኮምፒዩተር የሳተውን ብልሽት ያገኙት በየዕለቱ ጭስ ይዘው በር ላይ መቆምን እንደ ተራ ሥራ ያልናቁ ሠራተኞች ናቸው። በኢትዮጵያም አንድ ቁራጭ ሶፍትና አንድ የመመዝገቢያ ወረቀት ለዚህ ሥራ ይበቃሉ፤ ለመጀመርም አዲስ መሣሪያ እስኪገዛ መጠበቅ አያስፈልግም።